ከጉድጓዴ የፈለቀው ጎርፍ

ፎገራን ያጥለቀለቅሁት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ተፈርዶብኝ ነው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቄስ ግዝት አውጆ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ የጉማራን ወንዝ ከነሙላቱ ሜዳው ላይ የለቀቀው ይህ ሸማኔ ነው ተብሎ ተወስኖብኛል። ይግባኝ አልጠየቅሁም። አንዲት ጥማድ መሬት የነፈጉህ ሰዎች ድንገት ተነስተው ሙሉ ወንዝ ሲሰጡህ ምን ብለህ ትከራከራለህ?

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ከቁሐር ሚካኤል ዝቅ ብሎ ጉማራ አፋፍ ላይ እንኖር ነበር፤ እኔና ሚስቴ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔም ሸማኔ ነኝ። ያን ጊዜ በኛ አገር የእጅ ሙያተኛ ርስት የለውም። ባለርስቱ እዚህ ጋ ጎጆህን ቀልስ ያለው ቦታ ላይ ይቀልሳል፤ ተነስ ሲለው ይነሳል። አባቴን ያስቀመጡት ማንም የማይፈልገው የወንዝ ጥግ ላይ ነው። እሱ ግን እዚያች ጥግ ላይ ካቅሙ በላይ የሆነ ቤት ሠራ። ምሰሶው ዋንዛ ነው፤ ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው፤ በሩ ፀሐይ መውጫውን ያያል። ከቤቱ መካከልም የሽመና ጉድጓዱን ቆፈረ። ሸማኔ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው፤ መርገጫው እዚያ ታች ነው ያለው። ላም አልነበረኝም፤ በሬ አልነበረኝም፤ ያለኝ ያ ቤት ብቻ ነው። ሚስቴን ስንቴ ነግሬያታለሁ፤ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ ይህን ቤት አያሳጣኝ እላት ነበር።

አሁን የወንዙን ነገር ላውጋችሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ጉማራም ያን ጊዜ ሞኝ ነበር መሰለኝ፣ ከደጃፉ ያልተቆረጠ ነገር የለም። ሞፈር የተሰበረበት ይመጣል፤ ልጁን የሚድር ለዳሱ ማገር ብሎ ይመጣል፤ አጥር የፈረሰበት ይመጣል፤ ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ ወንዙ ዳር ነው። ከብቱ ደግሞ ውሃ ሊጠጣ የሚወርድበትን አፋፍ በሰኮናው እየናደ የቤተ ክርስቲያን በር የሚያህል አድርጎታል። በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣው ሰው አፋፉን በዶማ ይሸነቁርና በኋላ እደፍነዋለሁ ይላል፤ ያ በኋላ መጥቶ አያውቅም። ገበሬው በየዓመቱ አንድ ትልም፣ አንድ ትልም እያለ እስከ ወንዙ ከንፈር አርሷል። ወሰን መግፋት የለመደ ሰው ጎረቤት ሲያጣ ወንዝ ይገፋል። ክረምት ሲመጣ ከማሳው ውሃ የሚያወጣበትን ቦይ፣ ፈሰስ የምንለውን፣ እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ይቀድዳል፤ ጎረቤቱም ወደሚቀጥለው፤ የመጨረሻው ሰው ደግሞ ወደ ሜዳው። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠብ የወጣ ሁሉ ሲመለስ፣ በላይኛው አገር ዳገቱ እስከ ጫፉ ታርሶ ድንጋዩ ብቻ እንደቀረ፣ አፈሩም በዝናብ ወደ ወንዝ እንደሚወርድ ያወራ ነበር። እኛም ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እያልን እንስቅባቸዋለን።

ያን ክረምት ጉማራ ሞላና አፋፉን አንድ ቦታ ላይ ሰብሮ፣ ከብቱ የሚግጥበት የወል ሜዳ ላይ ተኛ። አንድ ማለዳ ለሥራ ተቀምጬ እግሬን ወደ ጉድጓዱ ሳወርድ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ከታች እየመነጨ ነው። መርገጫው ተንሳፍፏል፤ የወጠርሁት ድር ረጥቧል። ደንግጬ እየጮኽሁ ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ያገራችን አስተዳዳሪ ወደሆኑት ሰውዬ ቤት ሮጥሁ። ጉድጓዴ ውሃ አፈለቀ አልኋቸው። እኔ ያሰብሁት፣ ወንዙ በሥር እየሰረገ መሆኑ ይገባቸውና አፋፉ ይደፈን ብለው ሰው ያስነሳሉ ብዬ ነው። ምላሴን በቆረጠው።

ጭቃ ሹሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዳሩ ግን በሳቸው እምነት አጥፊ የሌለው ጥፋት የለም። ላም ብትጠፋ ሌባ አለ፤ ክምር ቢነድ ለኳሽ አለ፤ እንግዲያው ወንዝ ቢሰበር ሰባሪ አለ። ስለዚህ አውጫጭኝ ጠሩ።

የዛሬ ሰው አውጫጭኝን አያውቀው ይሆናል። ጥፋት ሲደርስ ያገሩ አባወራ ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። አጥፊው በስም እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የቀረ ይቀጣል። ያን ቀን ጎበዞቹ ዶማና አካፋቸውን ይዘው የተሰበረውን አፋፍ ሊደፍኑ ወጥተው ነበር። ማን እንደሰበረው ሳይታወቅ መድፈን ማስረጃ ማጥፋት ነው ተባሉና ከመንገድ ተመለሱ። ትንሽ ደፍነው የመጡት ደግሞ ዘግይታችኋል ተብለው በግ ተቀጡ። ስለዚህ ውሃው ከፊታችን እየሰፋ፣ እኛ ጋቢያችንን ተከናንበን ቁጭ ብለን እያየነው፣ ማን እንዳመጣው መጠያየቅ ጀመርን።

አውጫጭኝ ላይ እኔ አየሁ አይባልም፤ ጠብ ያመጣል። ወፍ ነገረችኝ ነው የሚባለው። ወፏ ምን ዓይነት ናት፣ የት አገኘችህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም በየተራው ሽማግሎቹ ፊት ይቀርብና ወፏ ያለችውን ይናገራል።

የዚያን ቀን ወፎች ጉድ አፈሉ። የአንዱ ወፍ፣ እገሌ ለልጁ ሠርግ ብሎ የአፋፉን ዛፍ ጨፍጭፏል አለች። ሽማግሎቹ ተማከሩና ሠርግ ወግ ነው አሉ። የሌላው ወፍ ከብቱ አፋፉን መናዱን ተናገረች። ከብት ማጠጣት ሥራ ነው ተባለች። ፈሰስ ያነሳችም ነበረች፤ ፈሰስ የማያወጣ ገበሬ ገበሬ ነው ወይ ተብሎ ታለፈ። የወንዙን ከንፈር ስላረሱት ሰዎች የተናገረችውማ ወፍ ተሰደበች፤ ከሽማግሎቹ ሁለቱ እዚያው ነበር የሚያርሱት። በመጨረሻ ሹሙ ትዕግሥታቸው አለቀና ተነሱ።

«ሥራ አልጠየቅናችሁም» አሉ። «ጥፋት ነው የጠየቅናችሁ።»

ሰዉ አቀረቀረ። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ አገር ከሥራ በቀር ማንም ምንም አላደረገም። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ብድግ አለ። ደግ ሰው ነው፤ ያን ሰሞን ጋቢ እየሠራሁለት ነበር። ወደ እኔ ሳያይ፣ የሸማኔው ጉድጓድ ውሃ ያፈልቃል ብላ ወፍ እንደነገረችው ተናገረ። ወፏ እኔው ራሴ ነኝ፤ ጠዋት በደጁ እየጮኽሁ ነበር ያለፍሁት። ሰዉ ሁሉ እህ አለ። አሁን ነገሩ ተገለጠ። ሞፈር መቁረጥ ሥራ ነው፤ ከብት ማጠጣት ሥራ ነው፤ እግርን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ተቀምጦ መዋል ግን ምን ይባላል? በገበሬ ዓይን ሸማኔ አይሠራም፤ ይቀመጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ደሜ ፈላ። የተከናነባችሁትን ማን ሠራው ብዬ ልጮህባቸው አፌን ከከፈትሁ በኋላ ቤቴ ትዝ አለኝና ዋጥሁት።

ሽማግሎቹ ተነስተው ጉድጓዱን ሊያዩ መጡ። ሹሙ ዘንጋቸውን ሰደዱበት። ዘንጉ ከሥር ያለውን ጭቃ በስቶ እስከ እጀታው ገባ። ይሄ ወለል የለውም አሉ። ከዚያ ጎንበስ አሉና በእጃቸው ጨልፈው ቀመሱት። ሁላችንም አፍ አፋቸውን አየን።

«የጉማራ ውሃ ነው» አሉ።

ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል፣ የማር ጠጅ? ለሰዉ ግን ያ በቂ ነበር። ጉድጓዱ ይደፈን ተባለ። ከቤትህ ውጣ አላሉኝም፤ ስለዚህ ውስጤ እፎይ አለ። ጉድጓድ ሌላ ይቆፈራል፤ ቤቱ ይቁምልኝ እንጂ።

በዚያው ደቦ ወጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እውነትም አገሩ ሁሉ ዶማውን፣ ቅርጫቱን፣ አፈር መሸከሚያ ቁርበቱን ይዞ እየዘፈነ መጣ። እኔ ተከሳሽ ስለሆንሁ አፈር እንዳልነካ ተከለከልሁ፤ ደጄ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። አፈሩ ግን ከየት ይምጣ? ሜዳው ውሃ ነው። ከማሳው ደግሞ ባለቤቱ አንድ እፍኝ አያስነካም። ደረቅና ልል አፈር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከጓሮዬ ጀርባ፣ ወንዙን ይዞ የቆመው አፋፍ። እሱን መቆፈር ጀመሩ።

ሚስቴ እንዝርቷን ጥላ ወጣች።

«ኧረ ጌቶቼ፣ የምትቆፍሩት እኮ ወንዙን የያዘውን ነው» አለቻቸው።

ሹሙ አልተቆጧትም። እንደ ልጅ ቀስ አድርገው አስረዷት። ውሃው የሚመጣው ከጉድጓዱ ነው፤ ጉድጓዱ ከተደፈነ በየት በኩል ይመጣል? ይልቅ ቆፋሪዎቹ ተጠምተዋልና ውሃ ቅጂላቸው አሏት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሆነና ነገሩ፣ እንስራዋን አንስታ ወረደች።

ጉድጓዱም የዋዛ አልሆነላቸውም። የሚሞሉበትን አፈር ጭቃ እያደረገ ይውጣል፤ ጭቃውም መልሶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሹሙ ይህ ነገር ይተነፍሳል አሉና ትንፋሹ እንዲዘጋ ጉብታ ይቆለልበት ብለው አዘዙ። ከዚያ በኋላማ ሰዉ ጉልበቱን መፈተን ያዘ፤ እኔ ነኝ ባዩ ሁሉ እየሮጠ ይሸከማል፣ እየፎከረ ይደፋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤቴ መካከል ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ ኮረብታ ቆመ። ሹሙ ወጡበትና አንገታቸውን ከሳር ክዳኑ ሥር ደፍተው መረቁን። እኔ የሽመና ዕቃዬን ከማሰሮዎቹ ጋር ጥግ ላይ አስደግፌ አሜን አልሁ። በኮረብታው ዙሪያ እየተሽሎከሎክን እንኖራለን ብዬ ነው። ሰው ለቤቱ ምን የማይሆነው አለ?

በማግስቱ በላይኛው አገር ዝናብ ወረደና ጉማራ እያገሳ መጣ። ስስ ቦታ ፈልጎ መድከም አላስፈለገውም፤ አዘጋጅተው ጠብቀውታል። ደቦው በቆፈረው በኩል ገብቶ፣ ቤቴን ለጥቂት ወደ ጎን ትቶ ወደ መንደሩ ወረደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሴቱና ሕፃኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ሸሸ፤ ሚስቴም አብራቸው ሄደች። ወንዶቹ ግን ከብት እናወጣለን ሲሉ ውሃው ቀደማቸው። በአቅራቢያው ከውሃ በላይ የቀረ መሬት አንድ ብቻ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ያለው ኮረብታ።

ሁሉም መጡ። ሹሙ፣ ሽማግሎቹ፣ ጎረቤቴ፣ ሁለት ፍየልና አንድ አውራ ዶሮ፤ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደራርበው፣ ጭንቅላታቸው ሳሩን እየነካ፣ ሁሉም አጎንብሰው ጉድጓዴ ላይ ተቀመጡ። እኔም የቤት ጌታ ነኝና ቦታ አመቻቸሁላቸው። ውሃው በበሩ ገብቶ እግራችን ሥር እየዞረ ነበር። ትንሽ ትንፋሽ እንደገባልን ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ አባወራው ሁሉ ከተሟላ ዘንድ አውጫጭኙ እዚሁ ይቀጥላል አሉ። ጥያቄው፣ አፋፉን የቆፈረ ማን ነው የሚል ነበር።

ወፍ የነገረችው አንድ ሰው ጠፋ። ሁሉም ጥፍሩ ውስጥ የአፋፉ አፈር አለ። ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ ስም ሳይጠራ ማንም ወርዶ ከብቱን አያድንም። ውጭ በሬ ይጮኻል፤ ቤት ውስጥ አገር ተጎንብሶ ወንጀለኛ ይጠብቃል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አፈር ያልነካ አንድ እኔ ነኝ። ለዚህ ይሆናል፣ አንድ በአንድ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ እጄን ያዙ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «አጥፊዎቹ እኛ ነን ብንል ርስታችን ይነካል። አንተ ርስት የለህም። አንተ ነህ ብትባል ምን ይቀርብሃል?»

ተናደድሁ፤ አፈርሁም። ይህን ያህል ሰው በገዛ ቤቴ ሲለምነኝ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ የሚል ነገርም ነበረው። አባቴ በሕይወቱ ሙሉ ከነሱ አንዱ እንኳ ለምኖት አያውቅም። ቤቴስ አልኋቸው። እያለቀሱ ማሉልኝ። ነገሩ እስኪበርድ ለአንድ ዓመት ብቻ ወረታ ሄጄ እንድቀመጥ፣ ቤቴን እንደ ዓይናቸው ብሌን እንዲጠብቁልኝ፣ በሚመጣው ክረምት ራሳቸው መጥተው እንዲመልሱኝ። ጎረቤቴም ማለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን የሰማሁት ቀደም ብዬ ነበር፤ ግን ትዝ አላለኝም።

«እንግዲያው እኔ ነኝ በሉ» አልኋቸው።

እግዜር ይስጥህ እያሉ፣ ግንባሬን እየሳሙ ከኮረብታው ወረዱ።

ወረታ ያን ጊዜ በጎንደር መንገድ ዳር የተደረደረች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ጥግ ተከራይተን ጉድጓድ ቆፈርሁ፤ ደረቅ ነበር። ሚስቴ ግድግዳውን አልመርግም አለች፤ ልንሄድ ምን ያደክመኛል ብላ። ያገሬ ሰዎች ገበያ ሲመጡ ጎራ ይሉና ቤትህ ቆሟል ይሉኛል፤ እኔም ያን ቀን ሥራ ይቀልልኛል። ዝናዬ ግን ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ በበጋው የጉድጓድ ውሃ የደረቀበት አንድ የከተማ ሰው መጣና እጅህ ውሃ ያወጣል አሉ፣ ግቢዬን ቆፍርልኝ አለኝ። ከሐሙሲት ድረስ የመጣ ደግሞ ነበር፤ እሱ የፈለገው የተጣላው ዘመዱ ማሳ ላይ እንድቆፍርለት ነው። ሚስቴ በእንዝርት አሯሯጠችው።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እነዚያ ትልቁ ሽማግሌ በበቅሎ መጡ፤ በቅሎዋ እስከ ሆዷ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ያየቻቸው ሚስቴ ናት። እልል አለች። እኔ እርካብ ይዤ እያወረድኋቸው ሳለ፣ እሷ ውስጥ ገብታ መወርወሪያውን፣ መርገጫውን፣ የሽመናውን ዕቃ ሁሉ እየነቀለች በገመድ መጠቅለል ጀመረች። ጉልበታቸውን ሳምሁ። ውሃ ሰጠኋቸውና ጠጡ።

ጉማራ ዘንድሮም ሰብሯል አሉ። አፋፉ ሳይደፈን ነበር የከረመው፤ ሰዉ አንተ ከሄድህ ወዲያ ምን ያሰጋናል ብሎ። አሁን አውጫጭኝ ተቀምጧል፤ ስም ታጣ፤ ሰዉ መነሳት አልቻለም፤ የአረም ጊዜ እያለፈ ነው።

«አንተ መምጣት አያስፈልግህም» አሉኝ። «ስምህን ብቻ አውሰን።»

ዓመቱን ሙሉ እዚህ ነበርሁ እኮ፣ ወረታ ተቀምጬ እንዴት አድርጌ ነው ጉማራን የምሰብረው አልኋቸው። እሱስ እውነት ነው አሉ። ዘንድሮ ግን የሚያከራክር እንኳ አይደለም አሉኝ። ውሃው የመጣው በኔ ቤት በኩል ነው። ጉብታውን ናደው፤ ምሰሶውን ነቀለው፤ ግድግዳውን ይዞት ሄደ። ከማን ቤት ወጣ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ካንተ ቤት ነው አሉኝ።

ሚስቴ ገመዱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

«ቤቱን ውሃ ከወሰደው፣ ስሙን እርስዎ ይውሰዱት» አለቻቸው።

ከልባቸው አመሰገኑ። መረቁንና፣ ሰዉ ምግብ አልቀመሰም፣ ልፍጠን ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ። በኋላ እንደሰማሁት፣ እሳቸው በደረሱ በዚያው ሰዓት አውጫጭኙ ተፈትቶ ሁሉም ወደየቤቱ ገብቷል። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ሚስቴ ያሰረችውን መልሳ ልትፈታ ሞከረች፤ ቋጠሮው ጠብቆ እጇ እምቢ አላት። እኔ ተነስቼ ፈታሁት።